ቤቱን ይዞ የሚዞር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲሄዱ፣ ኮሶዬ አፋፉ ላይ አልጋና ምድጃ የጫነ መኪና ቆሞ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ቤት ሳያጣ የሚንከራተት ፈረንጅ ነው። የእኛዎቹ ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር ድንኳን ማዞሩ ሰልችቷቸው ነበር፤ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ረግተው ግንብ አስገነቡ።

ቤት ይዞ የመዞሩ ሞኝነት ካማረዎ ግን ምክር አለኝ። ውሃውን በጀሪካን ከከተማ ይያዙ። ጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ ያድርጉ፤ የፋብሪካው መሐንዲስ ይህን ገደል አላየውም። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ ይደርቡ። ጭላዳ ሣር በል ነው ብለውም መስኮት ከፍተው ዳቦ አይተዉ። ቡና ካፈሉማ ጎረቤት ወዲያው ይፈጠራል፤ እስከ በረካም ንቅንቅ አይልም። «ቤቱ የሁለት ሰው ነው» ማለት እዚህ ስስት ነው። «ጓሮው የታለ?» የሚል ሽማግሌ ከመጣ ገደሉን ያሳዩት።