የአያ ጅቦ ድስት

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁኝ ልቀጥል፤ የዛሬው ነገር በእርግጥም ከላም በረት ነው የሚነሳው።

በባሌ፣ በሲናና ሜዳ፣ እመት ቡሬ የምትባል ላም ነበረች። ያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ ገና በስንዴ አልተያዘም። በበልግም በመኸርም የሚያመርተው ያ አገር ለከብት የሚሆን ሣር አላጣም ነበር። እመት ቡሬ ጥጃዋን አጥብታ የተረፈውን ወተት በቅል ሞልታ ለደንበኞቿ ትሸጣለች። ከሳነቴ አምባ እመት ቀይ ቀበሮ ትወርዳለች። ቀይ ቀበሮ በከብት መንጋ ተከልላ አይጥ ስታድን የባሌ እረኛ ሁሉ አይቷታልና ከላም ጋር ያላቸው ትውውቅ የቆየ ነው። ከዲንሾ በኩል ግራዝማች አጋዘን ቀንዱን አሳምሮ ይመጣል። ከዓለም ሁሉ ባሌን ብቻ አገሬ ያለው ጋሽ ፍልፈል ደግሞ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ስንት ሆነ ዛሬ?» ይላል። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ነው።

በቅሏ ንጽሕና እመት ቡሬ አትታማም። ማታ በሙቅ ውሃ አጥባ አፉን ቁልቁል ደፍታ ታሳድረዋለች። ሲነጋ የወይራ ፍልጥ ትለኩስና ነበልባሉን አጥፍታ የሚጤሰውን ጫፍ ከቅሉ ከትታ አፉን ትከድናለች። ጭሱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ክዳኑ ሲነሳ ወፍራም ቢጫ ጢስ ቡልቅ ይላል። ከዚያ ፍሙን አራግፋ የቅሉን ሆድ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውላለች። ግራዝማች አጋዘን በዚህ ሽታ ነው የሚምለው። «ወተት ማለት ይህ ነው፤ የፈላ ወተትማ ሬሳ ነው» እያለ ጥሬውን ይጨልጣል። የሚያፈሉትም ነበሩ፣ የማያፈሉትም ነበሩ። ማገዶ ያለው ያፈላል።

አንድ ክረምት የእመት ቀይ ቀበሮ ቡችላ ታመመ። ትኩሳቱ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። መገጣጠሚያው ሁሉ ያመዋል። እናቱ ጊዜ አልፈጀችም፤ በቀጥታ ወደ ሲናና ወረደች።

«እመት ቡሬ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ልጄ ታሟል። የእርስዎን ወተት ነው የጠጣው።»

«ኧረ በስመአብ! የኔ ወተት? ቅሌን አይተዋል? ጭሱን አሽትተዋል?»

«ቅሉን አላማሁም። ወተቱን ነው።»

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ቀረና «አንቺ» ተጀመረ።

በቀበሮዋ የሚፈርድ አይኑር። የዘመዶቿን ታሪክ የሚያውቅ ፍርሃቷን አይንቅም። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን ዘር የጨረሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነበር፤ ያመጣውም የሰፈር ውሻ ነው፣ ከእረኛና ከመንጋ ኋላ ተከትሎ የወጣ። ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ነው ያሉት። ሞት በጎረቤት በኩል እንደሚገባ በቤቷ ያየች እናት ናት።

ላሚቱም አፏን ሞልታ የማትናገረው ነገር ነበራት። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ጨንግፋለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ። በሰው ዘንድ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ላም ያስጨነግፋል፣ በጥሬ ወተት በኩልም ወደ ጠጪው ይሻገራል። የወይራ ጭስ ቅል ያጸዳል፣ ወተት ያጣፍጣል እንጂ ከላሚቱ ጡት አብሮ የወረደውን አይነካውም። ያንን የሚገድለው እሳት ነው። እመት ቡሬ ይህን ብታውቅ ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ። የምታውቀው ቅሏ ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ ቅሏም ስትከራከር ከረመች።

ነገሩ ገበያውን ለሁለት ከፈለው። ቀበሮዋ «ጥሬ ወተት ይከልከል» አለች። አጋዘኑ «የአባቶቼን ወተት ማን ይነካል!» ብሎ ፎከረ። ፍልፈሉ «ማገዶውን ማን ይገዛል?» ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። በመጨረሻ ተያይዘው ሐረና ጫካ ወረዱ፣ ወደ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ።

አንበሳው ወተት ጠጥቶ አያውቅም። ቢሆንም አዳመጠ፣ አዛጋ፣ ወደ ጸሐፊው ወደ ቁራ ዞረ። አዋጁ በማግሥቱ ተነበበ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ድስት ያልፈላ ወተት የሸጠም የገዛም ይቀጣል። ድስቱም ጎባ አፋፍ ላይ ያለው የአያ ጅቦ ድስት ነው።» ለምን የአያ ጅቦ? ድስት ያለው እሱ ስለሆነ። ድስቱን ከየት አመጣው? እሱ በአዋጁ አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ አዋጅ ያወጣ የሐረናው አንበሳ ብቻ አይደለም፤ ተረቱን ላቋርጥና ይህን ልበል። ስኮትላንድ ጥሬ ወተት መሸጥን እ.ኤ.አ. በ1983 ከልክላለች። አሜሪካም ከ1987 ጀምሮ ጥሬ ወተት ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ተሻግሮ እንዳይሸጥ አግዳለች፤ በየግዛቱ ውስጥ ግን ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እነሱ ዘንድ ግን በላሚቱና በድስቱ መካከል ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና ይመላለሳል። በሲናና ያለው አህያ ነው።

ወደ አህያው ልመለስ። አያ ጅቦ ወተቱን በርካሽ ይገዛል፣ አፍልቶ በውድ ይሸጣል። የእመት ቡሬ ወተት፣ የጎረቤቷ ወተት፣ ከወንዝ ማዶ ያለችው የምታስለው ላም ወተት፣ ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ይገለበጣል። «የማን ወተት ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀረ፤ ጥሩም መጥፎም ዋጋው አንድ ሆነ። ዋጋው አንድ ከሆነ ቅል ለምን ይታጠናል? እመት ቡሬ ቅሏን ሰቀለችው። ከሰቀለችም በኋላ ደንበኛ መፈለጉን አልተወም። ፍልፈሉ የአያ ጅቦን ዋጋ አልቻለም፤ አጋዘኑ የአያ ጅቦን ጣዕም አልቻለም። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ያልፈላውን ወተት ሊጭን አህያው ይመጣል። ሁለት ቢጫ ጀሪካን በጎኑና በጎኑ አንጠልጥሎ ከሲናና ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ ይወጣል። እነዚያ ጀሪካኖች ትናንት ዘይት ወይም ጋዝ የያዙ ናቸው። አንገታቸው ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ በወይራም አይታጠኑም፤ ይቀልጣሉ። በማዕዘናቸው የደረቀው የአምና ወተት ለዘንድሮው እርሾ ይሆነዋል። ቀን ላይ ወተቱን አይቶ፣ አሽትቶ፣ «ዛሬስ ውሃ ጨምረሽበታል» ብሎ የሚጨቃጨቅ ገዢ ነበር። በጨለማ ማን ያያል? ውሃው የተጨመረው ከየትኛው ኩሬ እንደሆነም የሚያውቀው አህያው ብቻ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከጎባና ከሮቤ ደንበኞች ጿሚው ወተት ተወ፤ የማይጾመው ብቻውን የአገሩን ወተት ጠጥቶ አይጨርስ። ላም ጾም አታውቅም፣ ትታለባለች። አያ ጅቦም «ድስቴ ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘጋ። አዋጁ ላሚቱ ለሌላ እንዳትሸጥ ይከለክላል እንጂ ጅቡ እንዲገዛ አያስገድድም። (ከዚህች አንቀጽ ላይ ጠበቃ ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ጠበቃው ግን ራሱ አያ ጅቦ ነው።) እመት ቡሬ ወተቷን አርግታ ናጠች፣ ቅቤውን ለፋሲካ አስቀመጠች፣ አሬራውን ለጥጃው ሰጠች። እሷ የቻለችውን አምሳ ላሞች አልቻሉትም፤ ወተት በቦይ ፈሰሰ።

ቀበሮዋ ግን ለአዋጁ ታማኝ ነበረች። ዋጋው ቢያንገበግባትም ከጅቡ ድስት በቀር አልገዛችም። ትኩሳት ያመጣው በሽታ በእርግጥም ከቤቷ ወጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ቡችሎቿ አያድጉም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ግን የአምናዎቹን አያህሉም። አንድ ቀን ድስቱ አጠገብ ተራ ስትጠብቅ ነፋስ ከጅቡ ጎተራ በኩል ነፈሰና አንድ ሽታ አመጣላት። ቀበሮ በአፍንጫዋ ነው የምትኖረው። ያንን ሽታ ታውቀዋለች፤ ከፈላውም ወተት፣ ከእመት ቡሬም ትንፋሽ ላይ አለ። ሻጋታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሲናና ሜዳ እየታረሰ ኮምባይነር ሲገባበት ግጦሹ ጠበበ። ላሞቹ በገለባና በፉርሽካ፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ በኑግ ፋጉሎ መኖር ጀመሩ። ፋጉሎ የሚያመጣው ማን ነው? አያ ጅቦ። እርጥብ ጎተራ ውስጥ ክረምቱን ያሳልፈዋል፤ ፋጉሎው አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፤ እሱ በዱላ መታ መታ አድርጎ አራግፎ ይሸጠዋል። ላም የበላችው በወተቷ ይወጣል።

ይህ የጅብ ተረት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነገር በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሲጠና ከ110 የወተት ናሙናዎች በአውሮፓ ከተፈቀደው ወሰን ያልዘለሉት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። 29ኙ ደግሞ ከዚያ በ10 እጥፍ የላላውን የአሜሪካ ወሰን እንኳ አልፈው ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ጣት የተቀሰረው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ወሬው ከተማ ሲገባ የወተት ገበያ ተመታ፤ የተመታውም ፋጉሎ ሻጩ ሳይሆን ላም አርቢው ነው። ያ መርዝ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ጉበት የሚጎዳ ነው። ደግሞም እሳት አይፈራም፤ ወተቱ ፈላ አልፈላ ከቦታው አይነቃነቅም። ለአንዱ በሽታ ድስት መድኃኒት ነው፣ ለሌላው ድስት ማታለያ ነው፤ የሲናና ገበያ የተጣላው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው።

ቀበሮዋ ተራዋን ትታ ወደ ሲናና ሮጠች።

«እመት ቡሬ!»

«አቤት። ደግሞ ማን ታመመ?» አለች ላሚቱ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«ምን እየበላሽ ነው?»

ላሚቱ ከገንዳዋ ቀና አለች። በዚያ ሁሉ ክርክር ይህን የጠየቃት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብዙ አወሩ። ላሚቱ አምና መጨንገፏን ያን ቀን ነገረቻት። ቀበሮዋ ተቆጣች፣ ጮኸች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ደግሞ ተቀምጠው ቀጠሉ።

ሁለተኛው ሸንጎ ሲሰበሰብ ነገር ተለዋውጦ ነበር። ከሳሽ የነበረችው ከተከሳሿ ጎን ቆመች። የኬንያ ሽመላ ለክረምት መጥታ ኖሮ የአገሯን ወሬ አወራች፦ እኛም ዘንድ ጥሬ ወተት ሻጩን ሲያሳድዱት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ማሳደዱን ትተው ማስተማርና ፈቃድ መስጠት ጀመሩ፣ በጀሪካን ፋንታ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ አስያዙት። በ2019 ደግሞ ክልከላውን በረቂቅ ደንብ መልሰው ሊያመጡት ሲሉ አርቢውም ጠጪውም ጮኸና ረቂቁ ተነሳ። አህያው ይህን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ። በሕይወቱ «ፈቃድ» የሚል ቃል ከስሙ ጋር ተያይዞ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም።

«መልካም ነው» አለች እመት ቡሬ። «የታመመች ላም ትመርመር፤ እኔም እመረመራለሁ። ደንበኛዬ ቤቱ ያፍላ፤ ግራዝማችም ቢሆኑ።» አጋዘኑ አጉረመረመ። «ግን አዋጁ ፋጉሎውንም ይጨምር። ጎተራው ይከፈትና ይታይ።»

አያ ጅቦ ሳቀ። የጅብ ሳቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ፋጉሎ ወተት አይደለም። ጉዳዩ የወተት ነው። ጸሐፊ፣ ያንብቡ እስቲ፤ ፋጉሎ የሚል አለ?»

ቁራው አዋጁን ከላይ እስከ ታች አገላበጠው። «የለም» አለ።

«ጎተራዬ የግል ንብረቴ ነው» አለ ጅቡ፣ ቁልፉንም አንገቱ ላይ አሰረው። አንበሳው ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር።

ሸንጎው ተበተነ። ሲመሽ ቀበሮዋ ከጋሽ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጠች። ፍልፈሉ ድምጿን ሲሰማ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ በዘሩ ያሉትን ሁሉ የጨረሰችው እሷ ናት።

«ጋሽ ፍልፈል፣ አይፍሩ። ከጎተራው ሥር ይቆፍሩልኝ። አንድ እፍኝ ፋጉሎ ብቻ አውጥተን ገበያ ላይ እናሳየዋለን።»

«ከቆፈርኩ በኋላስ አትበይኝም?»

«ዛሬ አልበላዎትም።»

«ዛሬማ አይበቃም፤ ነገ ጠዋትም የምወጣው በዚህ በር ነው። በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

ቁራውን ጠሩት። ቁራው መጣ፣ ላባውን አስተካከለ፣ ውሉን አዳመጠ፣ ለማኅተም ሁለት ዕንቁላል ጠየቀ። ዕንቁላሉን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ክርክር ጀምረዋል።