ስለ አንዲት የተተወች ቮልስዋገንና ስለ ብዙ ባለቤቶቿ

በአዲስ አበባ ከተማ ዕድሜ የጠገበ ጋራዥ ሁሉ፣ በደጁ ምንም ያህል ሥራ ቢበዛበትና ቦታ ቢጠበው፣ በጓሮው በኩል ከግንቡ ሥር ጎማዋ የተነፈሰ፣ መስታወቷ አቧራ የለበሰ፣ በኮፈኗ ላይ ድመት ፀሐይ የምትሞቅባት አንዲት መኪና ሳትኖረው አትቀርም፤ ስለ እርስዋም የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ በየትኛውም ጋራዥ አንድ ነው፤ «ባለቤቷ ይመጣል» ይሉታል። ይህ ቃል የሚነገረው በተስፋ አይደለም፤ ምጽአትን እንደሚጠባበቅ ምእመን በፍርሃትም አይደለም፤ እንዲያው ጠያቂውን ለመሸኘት ያህል ነው። ባለቤቷ እንደማይመጣ መካኒኩም ያውቃል፣ ዘበኛውም ያውቃል፣ ድመቲቱም ሳታውቅ አትቀርም።

ሰው መኪናውን በጋራዥ ትቶ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ የጥገናው ሒሳብ ከመኪናይቱ ዋጋ በልጦ ሲያገኘው «ገንዘብ ይዤ ልምጣ» ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል፤ ሌላው ዕለተ ሞቱ ይቀድመውና ወራሾቹ በቤቱና በቦታው ሲካሰሱ መኪናይቱን የሚያስታውሳት ይጠፋል፤ ሦስተኛው ዲቪ የደረሰው ነው፤ እርሱም ከሁሉ የተሻለው ሰው ነው፣ ተሰናብቶ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ «አደራ» ብሎ ይሄዳልና። እኔ ዓይኔን የጣልሁባት፣ በቄራ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ የተቀመጠችው ቮልስዋገን ጌታዋ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበር።

ስለ ቮልስዋገን ለአዲስ አበባ ሰው መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ቢሆንም፣ ፍቅር ያስለፈልፋልና ጥቂት ልበል። ሞተሯ በስተኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ በስተፊት የሆነ፣ ራዲያተር የሌላት፣ ውሃ የማትጠይቅ፣ በነፋስ ብቻ የምትበርድ፣ የመኪኖችን ሥርዓት ሁሉ ገልብጣ የተፈጠረች ናት፤ በጀርመን አገር ተፀንሳ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ የመጨረሻይቱ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ዘር አፍርታለች። በእኛም አገር የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም የመጀመሪያ መኪና ሆና ከኖረች በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ በመውጣት፣ ሮልስ ሮይሶቹ ሁሉ በየመጠለያቸው ቆመው ሳሉ፣ እርስዋ ወደ ታሪክ ገብታለች።

አሮጌ መኪና መያዝ ዱሮ የድህነት ምልክት ነበር፤ ዘመን ግን ነገሩን ለወጠው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጣ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በገፋ መጠን ታክሱን ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ስለዚህ አስቀድማ ገብታ የተገኘች መኪና፣ ብትቆምም ብትዝግም፣ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የምትከበር ሆነች። እኔም ይህን ሁሉ በልቤ አውጥቼ አውርጄ፣ የተጣለች ነገር ማንሣት ጽድቅ እንጂ ኃጢአት አይሆንም በሚል ቅን ኅሊና ወደ ጋራዡ ሄድሁ።

ስለ እርስዋ መጠየቅ በጀመርሁ ጊዜ ግን አንድ ምሥጢር ተገለጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጌታ ያልነበራት ቮልስዋገን፣ ፈላጊ እንደ መጣላት በተሰማ ጊዜ፣ ጌቶቿ ከአራቱ ማዕዘን ተነሡ። የጋራዡ ባለቤት፣ ሞያቸውን በወጣትነታቸው ከጣሊያን መካኒክ እጅ የተማሩ ሽማግሌ፣ የማስቀመጫ ኪራይ እንዳለባት፣ ያውም ኪራዩ ከተሠራላት የፍሪሲዮን ሒሳብ እጅግ እንደሚበልጥ አስታወቁኝ። ዘበኛው ይህን ሁሉ ዘመን ከሌባ የጠበቃት እርሱ እንደ ሆነ ከተናገረ በኋላ፣ ዶሮዎቹ በኋላ ወንበሯ ላይ ዕንቁላል መጣል ስለ ለመዱ ቦታ ቢለወጥባቸው ጉዳቱ የእርሱ መሆኑን አመለከተ። ቀለም ቀቢው የግራ ፓራፋንጎዋን በዱቤ እንደ ቀባ፣ ኤሌትሪሻኑ ከዲናሞዋ ውስጥ የራሱ ዕቃ እንዳለበት ተናገሩ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አንድ ወጣት መካኒክ ነው፤ እርሱ ምንም ገንዘብ አልጠየቀም፤ «ጋሼ፣ እኔ መንዳት የተማርሁት በእርስዋ ነው» አለኝ። «ቆማ?» ብለው፣ «አዎን፣ ቆማ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ በመረመርኋት ጊዜ ደግሞ ካርቡራተሯ ለአንድ ሐኪም መኪና «ለጊዜው» ተውሶ፣ ካንዴላዎቿ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ጠፍቶ፣ አንደኛው የፊት መብራቷ ሶማሌ ተራ ወርዶ እንደ ቀረ ተረዳሁ። በሕግ አንድ ሰው እንኳ ሊወርሳት ያልቻለችውን መኪና፣ ዕጣ ሳይጣጣሉ ተካፍለዋታል።

ከተማሪነታችን ጀምሮ የማውቀው አንድ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ። ጉዳዬን በሰማ ጊዜ ደስ አለው፤ ጠበቃ ደስ ሲለው ደግሞ መጨነቅ የሚገባው ባለጉዳዩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1952 ዓ.ም. ያወጁትን፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትን፣ 3367 ቁጥር ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመደርደሪያው አወረደና ቁጥር 1151ን ገለጠልኝ። በዚህ ቁጥር መሠረት ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሱ ለማድረግ አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብት ይሆናል። እኔ «እንግዲያማ ነገሩ አለቀ» ብዬ ስነሣ፣ እርሱ ክንዴን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝና፣ «አንተ የጀመርኸው ከመጨረሻው ነው፤ ባለቤት የሌለው ማን ነው ብለህ ጠይቅ እንጂ» አለኝ። ለካ ባለሀብት ሀብቱን አጣ የሚባለው መተዉን በማያሻማ ሁኔታ የገለጠ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም በቁጥር 1191 ተጽፏል። «እመለሳለሁ» ብሎ፣ ቁልፍ አስረክቦ፣ አደራ ብሎ የሄደ ሰው ምኑን ተወ?

ተስፋ ሳልቆርጥ ዘመን የሚያስቀረው መብት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። እርሱም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ሁሉ ፈገግ ብሎ ቁጥር 1192ን አነበበልኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የአንድ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤት፣ ዕቃው የት እንዳለ ባለማወቁ ወይም ባለቤቱ እርሱ መሆኑን ባለማወቁ ምክንያት፣ አሥር ዓመት ሙሉ በመብቱ ሳይሠራ የቀረ እንደ ሆነ፣ ባለቤትነቱን ያጣል። የእኛ ሰውዬ ግን መኪናው የት እንዳለች አሳምሮ ያውቃል፤ ቄራ ናት፤ የእርሱ መሆኗንም ያውቃል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ከአሥር ዓመትም ከሃያም ዓመት ያድነዋል። «ረስቷት እንደ ሆነስ?» አልሁት። «የረሳ ሰው ሲያስታውሱት ያስታውሳል፤ ያላወቀውን ግን ምን ብለህ ታስታውሰዋለህ?» አለኝ። እንዲህ ያለ አንድምታ ከቅኔ ቤት ውጭ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ መሪጌታ ባማክራቸው ደግሞ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ሄዱ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በእብነል አሳል በዐረብኛ ተሰብስቦ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ አደራ የሚለውን በቃላቸው ሲወርዱት ቆይተው፣ ሲያበቁ «ልጄ፣ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። እኔ አደራ ተቀባዩ ጋራዡ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ልከራከር አሰብሁና፣ ከመሪጌታ ጋር መከራከር ትርፉ ሌላ ጥቅስ መስማት ስለ ሆነ ተውሁት። ደግሞስ ሕጉ ልክ ነው፤ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የተተወ ነው ቢባል፣ ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች በየቤቱ የተቀመጠው ሣጥን፣ አልጋና የምድር ቤት ስንቱን ሰው ባለጸጋ ባደረገ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ግን ይህ ሁሉ ፍልስፍና አልጣማቸውም። «የእኔን ሒሳብ ይስጡኝና ጎትተው ይውሰዷት» አሉኝ። ወዳጄ ይህንንም ከለከለ፤ ያልተከፈለው ሠራተኛ ዕቃውን ይዞ መቆየት ይችል ይሆናል እንጂ ለራሱ ሊያደርገው ወይም እንደ ወደደ ሊሸጠው አይችልም፤ በመያዣ የያዘ ሰው እንኳ በሕግ የታዘዘውን ሥርዓት ሳይፈጽም እንዲሸጥ ወይም እንዲወስድ አስቀድሞ ቢዋዋል ውሉ ፈራሽ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ሊብሬው የለም። በ681/2002 አዋጅ መሠረት የተሽከርካሪ ስም የሚዛወረው በመዝገብ ነው፤ ሊብሬው ደግሞ ባሕር ተሻግሯል፤ እንግዲህ የዚህች ቮልስዋገን ሥጋዋ በቄራ፣ ነፍሷ በቨርጂኒያ ስለ ነበሩ፣ ሥጋዋን ብቻ ጎትቶ ወደ ቤት መውሰድ ሬሳ ከመስረቅ አይለይም።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ጋራዡ ባለዕዳውን ይከሳል፤ ፍርድ ቤቱ ይፈርዳል፤ በፍርዱ መሠረት መኪናይቱ ተገምታ በሐራጅ ትሸጣለች፤ እኔም ከሌላው ሕዝብ ጋር ቆሜ እጫረታለሁ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ሰው ከሰው እንደማያውቁ፣ ያውም ደንበኛቸውን፣ ተናግረው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ክሱ ገባ። የተከሳሽ አድራሻ ስላልታወቀ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ታዘዘ። እንዲህ ያለውን በደቃቅ ፊደል የሚታተም መጥሪያ ማንም አያነበውም ብዬ አስብ ነበር፤ ነገር ግን ጋዜጣን ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከፍርድ ቤት ማስታወቂያ የሚጀምሩ አክስቶች በየሰፈሩ አሉ፤ የተከሳሹም አክስት ከነዚህ አንዷ ነበሩ።

በማግሥቱ ሌሊት የጋራዡ ባለቤት ስልክ ጮኸ። ያን ጭውውት ሽማግሌው ራሳቸው ድምፁን እያስመሰሉ አጫውተውኛል። «ጋሼ፣ እኔን ይከሱኝ?» ይላል ሰውዬው ከቨርጂኒያ። «የት ላግኝህ፣ ልጄ? ቁጥርህን ለወጥህ፤ ፍርድ ቤት ባይፈልግህ ማን ይፈልግህ ነበር?» ይላሉ እርሳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ በረዶው ረዥም ጥየቃ ሆነ፤ በመጨረሻም ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ መኪናዬ አለች?» አለ። የሚገዛት ሰው እንዳለ በነገሩት ጊዜ ግን ቮልስዋገኒቱ ድንገት የወጣትነቱ ትዝታ፣ ሚስቱን ያጨባት፣ እናቱን ጠበል የወሰደባት፣ በወርቅ የማትለወጥ ሆነች፤ ቀጥሎም በአሜሪካ እንዲህ ያለች ታድሳ ስንት እንደምትሸጥ በዶላር ተናገረ። እኔ በበኩሌ በአሜሪካ የምትሸጠው ካርቡራተር እንዳላት አስታወስሁት።

ብዙ ስልክ ከተደወለ በኋላ ተስማማን፤ ከዋጋው የጋራዡ ዕዳ በመጠኑ ተቀንሶ እንዲከፈል፣ የቀረው ለባለቤቱ እንዲደርስ ሆነ፤ ክሱም በእርቅ ተዘጋ። አሁን የቀረው ውክልና ነበር። ውክልናው በዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ ተፈርሞ፣ ከሊብሬው ጋር በመንገደኛ እጅ ተልኮ፣ በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ ተወካዩም የባለቤቱ የአክስት ልጅ፣ ማለትም የዚያች ጋዜጣ አንባቢ ልጅ፣ ቀጭንና ጠንቃቃ ወጣት ነበር።

ሽያጩ ከመፈረሙ በፊት መኪናይቱ መመርመር ነበረባት። የቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚገኝ፣ መርማሪው ገለባውንና ዕንቁላሉን በጥንቃቄ አንሥቶ ቁጥሩን ገለበጠ፤ ያም ከሊብሬው ጋር ገጠመ። ከዲናሞው ሥር የተቀረጸው የሞተር ቁጥር ግን አልገጠመም። ሁላችን ወደ ሽማግሌው ዞርን። እርሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ መሩን፤ ከሊብሬው ጋር የሚስማማው ሞተር መፍቻና ቅባት ተዘርግቶበት፣ ላዩ ላይ ሳንቃ ተመትቶበት፣ ጠረጴዛ ሆኖ ተገኘ። በመኪናይቱ ውስጥ ያለው ሞተር ታዲያ የማን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ በግንቡ ማዶ የቆመች፣ ጌታዋ ያልተመለሰ ሌላ ቮልስዋገን አሳዩን። ወዳጄ ስለዚያችኛይቱ ቁጥር 1151ን ሊጠቅስ ሲል እኔ አፉን ያዝሁት። ጠረጴዛው ፈርሶ ሞተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የመመለሻውም ሒሳብ፣ እንደ ተለመደው፣ በእኔ ላይ ተጻፈ።

ውሉ ተፈርሞ፣ ስሙ ዞሮ፣ ለቦሎውና ለሦስተኛ ወገን መድኑ የሚገባው ተከፍሎ፣ መኪናይቱን ልረከብ ወደ ጋራዡ በሄድሁ ቀን፣ ተወካዩ ወጣት ከእኔ ቀድሞ ደርሶ፣ የፊት ኮፈኗን ከፍቶ ስኮርት ጎማውን ሲያወጣ አገኘሁት። ምን እያደረገ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ውክልናውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ መኪናዬን ይሽጥልኝ ይላል እንጂ ጎማዬን አይልም» አለኝ። ወዳጄ ፊቱ በርቶ ቁጥር 1135ን፣ በአንድ ነገር ላይ የሚደረግ ውል አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ተጨማሪ ዕቃውንም እንደሚጨምር የሚናገረውን፣ ማስረዳት ጀመረ፤ ሐተታው ከግማሽ ሳይደርስ ግን ወጣቱ ጎማውን በታክሲ ጭኖ ቄራን ለቆ ነበር። ሽማግሌው የጋራዥ ባለቤት ታክሲዋን በዓይናቸው እየሸኙ፣ «አይ፣ አዲስ ነበር እኮ፤ በዚህ ቤት ማንም ያልነካባት እርሱን ብቻ ነበር» አሉ።