የተወገዘው ካፖቴ

መጽሐፍ ከማዋስ በሬ ማዋስ ይሻላል። በሬው ቢያንስ አርሶ፣ ከስቶም ቢሆን፣ ማታ ይመለሳል። እኔ የትሩማን ካፖቴን «ኢን ኮልድ ብለድ» ደጋግሜ የምገዛው የወንጀል ታሪክ ሱስ ይዞኝ አይደለም፤ የደብረ ኤልያስ ሰው ማንበብ ስለሚወድ ነው።

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ጎራ እላለሁ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የሚፈልጉትን አይነኩም። የማይፈልጉትን አንስተው ይከራከራሉ፣ «ተወው» ይላሉ፣ ከዚያ ዞር ሲሉ ድንገት እንዳዩት ሁሉ «ይቺስ?» ይላሉ። ሻጩም ይህን ደንብ ከእርስዎ በፊት ያውቀዋል። ባለፈው ግን አንዱ ልጅ ካፖቴን ከአናቶሚ መጽሐፍ ጎን ሰክቶት አገኘሁ፤ የጠራውም ዋጋ አስደነገጠኝ።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ የሕክምና ነው እኮ! ስለ ደም ነው።»

ስለ ደም መሆኑን መካድ አልቻልኩም። ከፈልኩ።

እንዲህ ያሉ ሽፋናቸው ስስ፣ ወረቀታቸው ቢጫ የሆነ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ወደ አገራችን ከገቡባቸው በሮች አንዱ የሰላም ጓድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሊያስተምሩ ለመጡት አሜሪካውያን መጽሐፍ የሞላበት ሣጥን ይሰጣቸው ነበር። አስተማሪዎቹ ሄዱ፣ መጻሕፍቱ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ቀሩ። የእኔዋ ቅጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ክፉ ሰው የገዳዮቹን ስም በእስክሪብቶ ጽፎልኛል። በከንቱ ደከመ! ካፖቴ ራሱ ገና ከጅምሩ ያስተዋውቀናል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1959 ካንሳስ ውስጥ፣ ሆልኮምብ በምትባል የስንዴ አገር ነው። ኸርበርት ክላተር የሚባል ሀብታም ገበሬ ቤቱ ውስጥ 10,000 ዶላር ያለበት ካዝና አለው የሚል ወሬ ከገዳዮቹ አንዱ እስር ቤት ሳለ ሰማ። ከጓደኛው ጋር በሌሊት ገቡ። ካዝና የለም፤ ሰውየው የሚከፍለው በቼክ ነበር። ገበሬውን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ገድለው 50 ዶላር የማይሞላ ይዘው ወጡ። በ1965 ተሰቀሉ።

ይህን ቡና ላይ ስተርክ አንድ ጎረቤቴ ሽማግሌ ገበሬ አቋረጡኝ።

«ስንዴውስ?»

«አልነኩትም።»

«ከብቱስ?»

«አልነኩትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የገበሬ ሀብት ሣጥን ውስጥ ነው ብሎ የሚገባ ሌባ እርሻ አያውቅም። ከተሜ ናቸው።»

ከገዳዮቹ የአንዱ ወላጆች እርሻ እንደነበራቸው ልነግራቸው አልደፈርኩም።

ዘንድሮ ግን መላ ዘየድኩ። በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጻፋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት ደብር፣ በቅኔ አገር፣ ይህን የማይፈራ የለም ብዬ ካፖቴ መጨረሻ ገጽ ላይ በግዕዝ ጻፍኩበት። የማውገዝ ሥልጣን እንደሌለኝ አላጣሁትም፤ ቀዩ ቀለም ግን አንዳች ግርማ ሰጠው።

መጀመሪያ የመጣው ቅኔ ቤት ከርሞ ወደ አስኳላ የገባ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ውግዘቱን ቆሞ አነበበ። አንድ ሁለት ቦታ ግዕዜን አረመልኝ። ከዚያ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ከተተው።

«የተጻፈውን አላየኸውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። የተወገዘው የሰረቀና የፋቀ ነው። ስለ ተዋሰ ሰው አንድም ቃል የለበትም።»