ልጅ ያልነካው ተረት

የተረት መጽሐፍ የሚሰበስብ ሽማግሌ ዘመዶቹን ያሳፍራል። ቴምብር ቢሰበስብ «ምሁር ነው» ይሉታል። የጥንት ሳንቲም ቢሰበስብ ሀብት ደብቋል ብለው ይጠረጥሩታል። አሮጌ ቮልስዋገን ቢሰበስብ እንኳ ቢያንስ ጋራዥ ውስጥ ይከበራል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ግን የሳሎኑን ቡፌ በጠንቋይ፣ በተኩላና በዘንዶ መጻሕፍት ሞልቶ ሲገኝ፣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጆቹ የት ሄዱ?» ብሎ ነው። ልጆቼ አድገው፣ ሥራ ይዘው ወጥተዋል። መጻሕፍቱ የእኔ ናቸው።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ተረት በእኛ ቤት ዋጋ ወጥቶለት አለማወቁ ነው። አያት ትተርታለች፣ ልጅ ይሰማል፤ በመጨረሻ የምትጠይቀውን ዳቦም የሰጣት ሰው አላየሁም። እኔ በልጅነቴ በዱቤ የሰማሁትን፣ ያውም ሳልከፍል የቀረሁትን ነገር፣ በሽምግልናዬ በውጭ ምንዛሪ እገዛለሁ።

የዚህ ሱስ ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ የልጆች መጽሐፍ ውድ የሚሆነው ልጅ ካልነካው ነው። ሻጮቹ የሚመረምሩት ይህንኑ ነው። ጠንካራው ሽፋን ላይ የሚለበሰው ወረቀት አለ ወይስ ተቀዶ ተጥሏል? ሥዕሎቹ ሙሉ ናቸው? የልጅ ስም በእርሳስ ተጽፎበታል? ጠርዙ ላይ የጣት ምልክት አለ? እያንዳንዱ «አለበት» ዋጋውን ይቀንሳል። ባጭሩ ገበያው ማንበብን እንደ ጉዳት ነው የሚቆጥረው።

በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በለንደን የታተሙት ባለሥዕል መጻሕፍት ለዚህ ዓይነት ቅምጥል ኑሮ የተፈጠሩ ናቸው። አርተር ራክሃም የሚባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1906 «ፒተር ፓን በኬንሲንግተን መናፈሻ» ለተባለው መጽሐፍ 50 ባለቀለም ሥዕሎች ሠራ፤ ከተራው እትም ሌላ እሱ ራሱ የፈረመባቸው 500 ቅጂዎች ለባለጠጎች ተዘጋጁ። በዓመቱ ኤድመንድ ዱላክ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ተረቶች ይዞ ብቅ አለ፤ በ1914 ደግሞ ዴንማርካዊው ካይ ኒልሰን የኖርዌይን ተረቶች። ከዚያ ጦርነቱ መጣና የዚያ ዓይነቱ ድግስ አበቃ።

ሥዕሎቹ የሚታተሙት ለብቻቸው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነበር። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋሉ፤ ፊታቸው ላይም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ይጋረድባቸዋል። ያንን ስስ ወረቀት በሁለት ጣት ስትገልጠው ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ከሥሩ የራክሃም ዛፍ ይወጣል፤ ግንዱ ፊት አለው፣ ሥሩ ጣት አለው፣ ቅርንጫፉ የአላፊ አግዳሚውን ካባ ሊይዝ እጁን ዘርግቷል። ቀለሙ ቡናማና ግራጫ ነው፤ ክረምት የገባበት ሰፈር ይመስላል። እኔ እዚህ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ «እንግዲህ ሥዕል አየህ፤ አምፖሉን ቀይርልኝ» ትላለች።

ከመቶ ዓመት በላይ ጽድት ብሎ የኖረ መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ግን የመጀመሪያው ባለቤቱ ያሳዝነኛል። ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ገና ለገና ያቆሽሻል ተብሎ እጁን አስታጥበው፣ ሞግዚቷ ገልጣለት፣ ከሩቅ አሳይታው ወደ መደርደሪያው መልሳበት ይሆናል። በአንጻሩ አንድ ቅጂ አለኝ፤ የተኩላው ሁለቱም ዓይኖች በእርሳስ ጫፍ ተወግተዋል። ያ ልጅ መጽሐፉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ለማዳን የተቻለውን አድርጓል። ሻጩ ይህንን ጀግንነት «ጉድለት» ብሎ መዝግቦ በሩብ ዋጋ ሰጠኝ። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። የሰብሳቢዎች ማኅበር ቢኖር ኖሮ በዚህ አቋሜ ያባርረኝ ነበር።

ደግሞስ የተረት ሊቃውንቱ ራሳቸው መች ሥዕል አማራቸው? የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 የመጀመሪያውን ቅጽ ሲያወጡ ውስጡ አንድም ሥዕል አልነበረም። በምትኩ ለሊቃውንት የሚሆን ማብራሪያ ሞልተውበታል። በዚያ እትም በረዶ የመሰለችውን ልጅ በቅናት ልታስገድል የምትዶልተው ወላጅ እናቷ ነበረች። ይህ ለልጆች ጆሮ ከበደ መሰለኝ፣ በ1819ኙ እትም ወንጀሉ ወደ እንጀራ እናት ተዛወረ። እንጀራ እናቶች ይህንን ክስ ተሸክመው ሁለት መቶ ዓመት አለፋቸው፤ የተከራከረላቸው ጠበቃ የለም።

በ1823 ለንደን ውስጥ ከተረቶቹ የተመረጡት ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱና ጆርጅ ክሩክሻንክ የተባለ ሠዓሊ የሚያስቁ ሥዕሎች ሠራባቸው። መጽሐፉ ተወደደ። ወንድማማቾቹ ይህንን ሲያዩ በ1825 እነሱም 50 ተረቶች መርጠው፣ 7 ሥዕሎች ጨምረው አነስ ያለ እትም አወጡ። ሠዓሊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ታናሽ ወንድማቸው ሉድቪግ! ሥዕል የሚሠራ ወንድም እቤት ቁጭ ብሎ ሳለ ባሕር ማዶ ሰው እስኪያሳያቸው ድረስ ሙያውን በቅጡ አልተጠቀሙበትም። የቤት ሙያ እንደማይታይ ይህ ማስረጃ ነው።

ሌላው ፈተናዬ አንድሪው ላንግ ነው። እስኮትላንዳዊው ላንግ እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 1910 የዓለምን ተረቶች ሰብስቦ በ12 መጻሕፍት አሳተመ፤ እያንዳንዳቸውም በቀለም ተሰየሙ፤ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው እያለ እስከ ሐምራዊና ወይራማ ድረስ ይሄዳል። አብዛኛውን ሥዕል የሠራው ኤች ጄ ፎርድ ነው። ሰብሳቢን ለማሳበድ ከዚህ የበለጠ ዘዴ አልተፈጠረም። እኔ እስካሁን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን አግኝቻለሁ። ለባንዲራ ይበቃል፤ ለእንቅልፍ ግን አይበቃም።

ሽፋኑ ላይ በወርቅ ቀለም የሚያንጸባርቀው የላንግ ስም ነው። ተረቶቹን ከየቋንቋው እየተረጎመች የደከመችው ግን በአብዛኛው ሚስቱ ሊዮኖራ ናት፤ ይህንንም ላንግ ራሱ በመጨረሻው መጽሐፍ መቅድም ላይ መስክሯል። ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬዬ ውስጥ ወድዳ የምታዳምጠው ይህችን ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣም «ንገራቸው እስቲ የዛችን ሴትዮ» ትለኛለች።

ወደ አገራችን ስመለስ የገበያው ሕግ ይገለበጣል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ደንበኛ አለኝ። ሸራው ላይ የዘረጋውን አልፎ፣ ከሥሩ አንድ መጽሐፍ መዝዞ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከገበያ ጠፍቷል» ይለኛል። ከገበያ የጠፋው መጽሐፍ እጁ ላይ ነው። ዋጋውን መጽሐፉ ላይ አይጽፍም፤ ፊቴ ላይ ነው የሚያነበው። ዓይኔ ትንሽ ከበራ መቶ ብር ይጨምራል። ስለዚህ ተረት ሳይ ግብር የተጫነበት ነጋዴ ፊት ማሳየት ተለማምጃለሁ።

«ሽፋኑስ የት አለ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ ሽፋን ይነበባል እንዴ?»

ምን ይመለሳል? የእኛ አገር የተረት መጽሐፍ ሽፋኑ የሚጠፋው ስለተነበበ ነው። ታላቅ አንብቦ ለታናሽ፣ ታናሽ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለትምህርት ቤት ጓደኛ ያውሰዋል። ሲያረጅ ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያ ደግሞ ኮሎ ሻጭ ዘንድ ይደርሳል። እንዲያውም ኮሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ብፈታ ጦጣ ከዳኛ ፊት ቀርባ ስትከራከር አገኘኋት። ፍርዱ ከእኔ ቀጥሎ የገዛው ሰውዬ ኮሎ ላይ ነበር። ተከትዬው ልሮጥ ዳድቶኝ ነበር፤ አውቶቡስ ያዘ።

ከዚሁ ደንበኛዬ ዘንድ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» አንድ የቆየ ቅጂ አግኝቻለሁ። አንድ የዱሮ ተማሪ በሰማያዊ ቢክ ኅዳጉ ላይ አንበሳ ሥሎበታል፤ አንበሳው ከረባት አስሯል፣ ጎኑም የመምህሩ የቅጽል ስም ሳይሆን የማይቀር ነገር ተጽፏል። ሻጩ ስለ ጭረቱ ይቅርታ ጠይቆ ቅናሽ አደረገልኝ። ለንደኖች 500 ቅጂ ብቻ አተምን ብለው ይኩራራሉ፤ ይህ ባለሥዕል እትም በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ የምሳሳለት ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ኒው ዮርክ የታተመው የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ነው። ያዘጋጁት በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ ሠርቶ የነበረው የተረት ሰብሳቢ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቋንቋዎቻችንን ሲያጠና የኖረው ዎልፍ ሌስላው ናቸው፤ ሥዕሎቹ የሮበርት ኬን ናቸው። ርዕሱ የተወሰደው ሁላችንም ከምናውቀው ተረት ነው። አርሃ የተባለው አሽከር ሱሉልታ ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት እንዲያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም እሳቱን ከሩቅ እያየ ይነጋለታል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃልና ሞቀህ» ብሎ ይክዳል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ጌታውንም ዳኛውንም ግብዣ ጠርቶ የምግቡን ሽታ ብቻ ያስሸትታቸዋል።

መጽሐፉን ያመጣችልኝ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ናት፤ ከሽፋን ልባሱ ጋር። ሻንጣዋን ከ23 ኪሎ ላለማሳለፍ አንድ ጫማ አስወጥታ ነው ያስገባችው። «ወንድምዬ» አለችኝ፣ «ሰው ከአሜሪካ መድኃኒት ያስመጣል፣ ስልክ ያስመጣል። አንተ ከኢትዮጵያ የሄደ ተረት በሻንጣ ታስመልሳለህ?» ባለቤቴ ዋጋውን ጠየቀችኝ። «ያን ያህልም አይደለም» አልኩ። ቡፌው ውስጥ ለማስቀመጥም የላይኛውን የሲኒ መደርደሪያ አስለቀቅሁና ቆለፍኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታውዷል። እጄን ታጥቤ ገበታ ቀረብኩ። እህቴም ቀረበች። ሽታው ይመጣል፣ ወጡ አይመጣም። ጠበቅን። ባለቤቴ ባዶ እጇን መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሸተተህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያ ጠግበሃል። ተረት በመስታወት እያየ የሚጠግብ ሰው ዶሮ በሽታው ይበቃዋል።»

እህቴ በሳቅ ወደቀች። እኔ ተነስቼ መጽሐፉን አወጣሁ። ያንኑ ተረት ገለጥ ሳደርግ የገጹ ጠርዝ ላይ ቅቤና በርበሬ የነካው አውራ ጣት ታትሟል። ለካስ የቡፌው መክፈቻ ሁለት ኖሯል።

«ይሄ መጽሐፍ እኮ ግማሽ ዋጋው ወደቀ!» አልኩ።

«የተነበበ ነው የምወደው ስትል አልነበረም እንዴ? አንብቤልሃለሁ።»

እህቴ ዳኛ ሆና ተሰየመች። የላይኛው መደርደሪያ ለሲኒዎቹ እንዲመለስ፣ መጻሕፍቱንም ማንኛውም የቤተሰብ አባል እጁን ታጠበም አልታጠበም ማንበብ እንዲችል ወሰነች። ይግባኝ አላልኩም፤ ዶሮው እየቀዘቀዘ ነበር።