ለረጋ አልበም ጆሮ ጠፋ

ኧረ ሰለቸን! ጋብ ያለ፣ ክራርና ጊታር ለየብቻቸው የሚሰሙበት አልበም በወጣ ቁጥር የሚሰጠው አስተያየት ያው ነው፦ «ደስ ይላል፣ ግን ያስተኛል»። በቃ። ቅኝቱ ትዝታ ነው ባቲ፣ ግጥሙ ምን ይላል፣ ቀረጻው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የት ይሰማ ደግሞ? ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያሉት ካፌዎች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው ይፎካከራሉ። ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በሚወስደን ሚኒባስ ሬዲዮ ሲከፈት፣ ማንዶሊኑ ገና መግቢያውን ሲጀምር አቅራቢው በላዩ ላይ ያወራል፣ ሰላምታ ያነባል። የመሣሪያ ሙዚቃ ከሆነማ ዜና እስኪደርስ ክፍተት መሙያ ነው። ዜማው ሊያርፍ ሲል ይቆረጣል፤ የተጫዋቹም ስም አይነገርም።

የግሩም መዝሙር ባንድ፣ አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት፣ «ትውስታ» በተባለው አልበሙ የድሮ ዜማዎቻችንን በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በአንጋፋው አየለ ማሞ ማንዶሊን መልሶልናል። ማንዶሊኑና ክላርኔቱ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ይህን ቁጭ ብሎ በዝርዝር መጻፍ ምን ይከብዳል? «ትዝታ ቀስቃሽ» ተብሎ ታለፈ።

የኃይሉ መርጊያ ነገር ግን ከሁሉም ያንገበግባል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ፣ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲያሳትመው ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ የተገኘው እኛው አገር ነው እኮ! እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ የውጭ ጋዜጦች ተረባረቡበት፤ የእኛ ዜና ደግሞ «ፈረንጆች አደነቁት» የሚል ሆነ። ከፈረንጆቹም ቢሆን ለታክሲው ከአኮርዲዮኑ ያልተናነሰ ቦታ የሰጡት ብዙ ናቸው። አኮርዲዮኑ ለምን የማሲንቆ ያህል እንደሚያንጎራጉር ሊነግረን የሚችለው በዚህ ዜማ ያደገ ጆሮ ነበር፤ እሱ ዝም አለ።

ዛሬም የአልበም ምረቃ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ፈጀ፣ ከእነማን ጋር ተሠራ፣ ክሊፑ መቼ ይለቀቃል ነው። በማግስቱ የሚወራው የተመልካች ቁጥር ነው። ሚሊኒየም አዳራሽን የማይሞላ ዘፋኝ እንዳልዘፈነ ይቆጠራል። አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ፣ አራተኛው ዘፈን ተንዛዝቷል፣ ስድስተኛው ላይ ድምፁ ከክራሩ ሥር ጠፍቷል ብሎ በስሙ የሚጽፍ አንድ ሰው እንኳ ብናገኝ! ነቀፋው ራሱ ለሠራው ሰው ክብር ነበር። ዘፋኙ የሚነግረው ሲያጣ በሚቀጥለው ሥራው ምቱን አስጩኾ ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ «የበፊቱ ይሻል ነበር» እንለዋለን።