ዳመናው ከየት በኩል ነው?

«ጋሼ፣ ልብሱን ይተዉት! ዳመናው በኮተቤ በኩል ነው፤ ምሥራቅ ነው። ወደ እኛ አይመጣም።»

ይህን ያለኝ ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሐምሌ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ገመዱ ላይ ሁለት አንሶላና የእናቴ ነጠላ ተሰጥቷል። እየሰበሰብኩ መለስኩለት፤ «የእናንተ ዝናብ በምዕራብ በር ይገባል፣ የእኛ በምሥራቅ። ይልቅ ያንን አንሶላ ያዝ!»

ጣቱን በምራቅ አርሶ ወደ ላይ ቀሰረ። «ነፋሱ እኮ ከምዕራብ ነው!»

«እሱ ፊትህን የሚነካው ነው። ዳመናው የሚጋልበው የላይኛውን ነው።»

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ዶፉ ወረደ።

ልጁ አልዋሸም። የሜሪላንድ ጎረቤት ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ እዚያ ሰው ዛሬ በምዕራብ በኩል ኦሃዮ ላይ የዘነበውን አይቶ ለነገ ዣንጥላ ያዘጋጃል። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በምድር ወገብ ሞቆ የተነሳው አየር 30 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ወገብ የሚመለሰውን የምድር መሽከርከር ወደ ምዕራብ ያዞረዋል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ወደ ምሥራቅ። በእኛ ክረምት ደግሞ ከህንድ ሰማይ ተነስቶ በአናታችን ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ከታች የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ እርጥበት ያመጣልናል፤ ዳመናው ቆሞ ሲያድግ ግን ከምሥራቅ የሚነፍሰው ይነዳዋል።

«ታዲያ ሱዳን ደርሶ ያበቃለታል» አለ አንሶላውን እየጠመዘዘ።

«ማን ነግሮህ! አልቤርቶን ስማ።»

በ2000 እ.ኤ.አ. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በደጋችን የተነሳ የነጎድጓድ መንጋ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ሳህልን አቋርጦ አትላንቲክ ገባ። ባሕሩ ላይ አውሎ ነፋስ ሆነ፤ ስሙ አልቤርቶ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የምሥራቁ ነፋስ ወደ ምዕራብ እየገፋ ወስዶ ወስዶ፣ ቤርሙዳ ሳይደርስ ወደ ሰሜን ታጠፈ፤ እዚያ የምዕራቡ ነፋስ ተቀብሎ ወደ ምሥራቅ መለሰው። መሀል ባሕር ላይ አንድ ትልቅ ክብ ዞረና ሦስት ሳምንት ያህል ኖሮ ወደ አይስላንድ አቀና። መንገዱን በካርታ ላይ ሳየው ዛሬም ይገርመኛል፤ በሁለት ነፋስ እጅ የተጻፈ ነው። በየዓመቱ 60 ያህል እንዲህ ያለ የነፋስ ሞገድ አፍሪካን አቋርጦ ይወጣል፤ አውሎ ነፋስ የሚሆነው ጥቂቱ ነው።

ዝም አለ። ዳመናው አልፎን በመናገሻ በኩል ሲጠቁር አየና፣ «ይሄኛውስ የት ይደርሳል?» አለኝ።

«ለጊዜው ሆለታ። እዚያ ልብስ ያሰጣ ዘመድ ካለህ ቶሎ ደውልለት።»