የአክስቴ ጋቢ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አክስቴ ግቢ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ባለፈው እሑድ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠብቅ የልጅ ልጃቸው ደብተሩን ይዞ መጣ። ፊዚክስ ከጀመረ መንፈቅ አልሞላውም።

“ጋሼ፣ ሞመንተም ምንድን ነው?”

“መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት።”

“እሱማ ሰሌዳው ላይም ተጽፏል።”

ኮስተር አልኩ። ኒውተን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው ፕሪንሲፒያ “የእንቅስቃሴ መጠን” ይለው እንደነበር ነገርኩት። አልሞቀውም፣ አልበረደውም። ወደ አስፋልቱ ጠቆምኩት።

“ብስክሌትና ባጃጅ እኩል ፍጥነት ቢከንፉ የቱን ማቆም ይከብዳል?”

“ባጃጁን።”

“ጎበዝ! ለምን?”

“‘ወራጅ አለ’ ስንለው ስለማይሰማ።”

መጠነ ቁሱ ስለሚበልጥ ነው ልለው አፌን ስከፍት አክስቴ ጠሩን። አቮካዶው ደርሷል። ልጁ ዛፉ ላይ ወጣ፤ እሳቸው አሮጌ ጋቢ አመጡና ሁለቱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ የተማርኩት ሰው፣ ጋቢውን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጠርኩት። የመጀመሪያዋ አቮካዶ ነጥራ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈች። የጎረቤት ውሻ አበደ።

“ላላ አድርገው እንጂ! እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?”

ላላ አደረግሁት። ሁለተኛዋ ጋቢው ውስጥ ሰመጥ ብላ እንደ ሕፃን ተኛች።

ቡናው እስኪፈላ ሂሳቡን ሠራነው። 300 ግራም የምትመዝን አቮካዶ ከ5 ሜትር ስትወድቅ ፍጥነቷ በሰከንድ 10 ሜትር ግድም ይደርሳል፤ ሞመንተሟ 3 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ መሆኑ ነው። እሷን ለማቆም ይህችን 3 መክፈል ግድ ነው፤ ቅናሽ የለም። በስንት ጊዜ ይከፈል የሚለው ግን በእጃችን ነው። ኃይሉና ጊዜው ሲባዙ ነው ኢምፐልስ የሚባሉት፤ ያም ከሞመንተሙ ለውጥ ጋር እኩል ነው። የስበትን ድርሻ ብንተወው፣ በ0.01 ሰከንድ ቀጥ ካለች በአማካይ 300 ኒውተን ትጠይቃለች፤ የላላ ጋቢ 0.1 ሰከንድ ከሰጣት 30 ይበቃታል። የእኔ ውጥር ጋቢማ አቁሟትም አልረካ፣ መልሶ ወረወራት፤ ከ3 በላይ ከፈልኩ።

ልጁ ይጽፋል። አክስቴ ሲኒ እየደረደሩ ያዳምጣሉ።

“ቆይ፣ ይሄ ኒውተን ኒውተን የምትሉት የማን ልጅ ነው?”

“እንግሊዛዊ ነው፤ ፖም ከዛፍ ስትወድቅ አይቶ ብዙ ያሰበ።”

“ዝም ብሎ አያት? ጋቢ የሚይዝለት ሰው አልነበረውም?”